ገደል ይግቡ

የኛን ከተማ አይቶ ያልወደዳት ሰው ካለ ዓይኑን ይመርመር። ይሄን የምለው ተወልጄ ስላደግኩባት አይደለም። አስጎብኚ ነኝ፤ የአገሬን ጥግ ሁሉ በእግሬ አዳርሼዋለሁ። ነጩን የወደብ ከተማ ጓዳ ጎድጓዳውን አውቀዋለሁ፣ የጨው ሐይቁን ዳር ዳሩን ዞሬዋለሁ፣ አሮጌው የድንጋይ ድልድይ ላይ ቆሜ ስንቱን ጎብኚ ፎቶ አንስቻለሁ። ሁሉም ያምራሉ፣ አልዋሽም። ግን የኛ ትበልጣለች።

ችግሩ አገራችንን የሚያውቃት የለም። ውጭ አገር ሄዳችሁ ስሟን ብትጠሩ ሰዉ ትንሽ አሰብ ያደርግና ስለ ጎረቤቷ አገር ያወራላችኋል። አገሪቱ ራሷ ካልታወቀች በውስጧ ያለችው የኛ ከተማማ ማን ያስታውሳታል። አውቶቡሶች በኛ በኩል ያልፋሉ። ጎማ ያስነፋሉ፣ ሽንት ቤት ይጠይቃሉ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆመው ፎቶ ያነሳሉ፣ ከዚያ ቤተ መንግሥት ወዳለባት ጎረቤት ከተማ ይፈተለካሉ። ያ ቤተ መንግሥት ደግሞ ግማሹ ትናንት የተሠራ ነው። ዝም ብዬ ነው እንጂ ስንቱን ባወራሁ።

ከተማችን የተቀመጠችው ገደል አፍ ላይ ነው። ሦስት በር ያለው የድንጋይ ግንብ ዙሪያዋን ይዟታል። ድሮ የሲራራ ነጋዴዎች ጨውና ቆዳ ጭነው ሲመላለሱ የሚያድሩባት ነበረች። አንደኛው በር ከመጥበቡ የተነሳ ሁለት የተጫኑ አህዮች ከተገናኙበት ባለቤቶቻቸው ሳይደባደቡ አይተላለፉም ነበር ይባላል። መሃሏ ላይ የሰዓት ማማ አለ፤ ሰዓት ግን የለውም። ማማው ተሠርቶ ሲያልቅ ሰዓቱ ሳይመጣ ቀረ። እኛ እስከ ዛሬ "ሰዓቱ ጋ እንገናኝ" እንባባላለን፤ አርፍደን ብንመጣም ማንም አይፈርድብንም።

ከግንቡ ሥር ዓለቱን ጠርበው ያወጡት ደረጃ አለ፤ እየተጠማዘዘ ወደ ገደሉ ይወርዳል። ግራና ቀኙ እንደ ፍልጥ እንጨት ቀጥ ብሎ የተደረደረ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ሰው የደረደረው ይመስላል እንጂ ተፈጥሮ ነው። ታች ስትደርሱ ውሃ ከዓለቱ መሃል ፈንቅሎ ይወጣና እየተንፏፏ ወርዶ አረንጓዴ ኩሬ ይሠራል። ላይ ፀሐይዋ አናት ስትበሳ ታች ሹራብ ያሰኛል።

ለዚህ ነው የኛ ሰው "ገደል ግባ" ሲባል የማይከፋው። ሌላ ቦታ "ገደል ግባ" ማለት ከፊቴ ጥፋ ማለት ነው። እኛ ዘንድ ግን ሂድና ታጠብ፣ ትንሽ አረፍ ብለህ ና ማለት ነው። ልጆች ሆነን ላብ በላብ ሆነን ከጨዋታ ስንመለስ እናቶቻችን "ሂዱ፣ ገደል ግቡ" ብለው ፎጣ ይወረውሩልን ነበር። ባልና ሚስት ሲጣሉ አስታራቂ "እስቲ መጀመሪያ ሁለታችሁም ገደል ግቡ" ይላል፤ አብዛኛዎቹ ታርቀው ነው የሚወጡት። እኔ የቃሉን ሌላ ፍቺ ያወቅኩት ዋና ከተማ ሄጄ አንድ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ስቀጠር ነው። ሥራ አስኪያጁ አንድ ቀን ድካም ገጽታቸው ላይ ያስታውቅባቸዋል፤ አንጀቴን በሉትና በትህትና "ጋሼ፣ ለምን ገደል አይገቡም?" አልኳቸው። ሳምንት ሳይሞላ ሻንጣዬን ይዤ ከተማችን ገባሁ። ተመልሼ ለከተማው ሰው ብነግረው የሰማኝ ሳቀብኝ፣ ያልሳቀው አላመነኝም።

አሁን ስለ እትዬ ልንገራችሁ። እትዬ ታላቅ እህቴ ናት፤ እናታችን ስታርፍ ለኔ እናት ሆና ያሳደገችኝ እሷ ናት። የተወለድንበትን ቤት የእንግዳ ማረፊያ አድርጋዋለች። ግንቡ ላይ ተለጥፎ የተሠራ ቤት ነው፤ የመኝታ ክፍሎቹ መስኮት በሙሉ ወደ ገደሉ ነው የሚከፈተው። ጋደም ስትሉ የውሃው ድምፅ ራሱ ያስተኛችኋል። ምን ዋጋ አለው፣ የሚተኛ የለም። እትዬ ማንም ያልተኛበትን አንሶላ በየሳምንቱ ታጥባለች። ለምን ስትባል "አቧራው ይተኛበታል" ትላለች።

ለዚህ ቤት አንድ የሲሚንቶ ነጋዴ ዓይኑን ጥሏል። የኛ ከተማ ሰው አይደለም፤ ለንግድ የመጣ ነው፣ መጋዘን ይፈልጋል። ሜትሩን ይዞ እየመጣ ግድግዳ ይለካል። አንድ ቀን እኔ የተወለድኩበት ክፍል ገብቶ መስኮቱን በጣቱ እያንኳኳ "ይሄን እደፍነዋለሁ፤ ለሲሚንቶ እርጥበት ጠላቱ ነው" አለ። ደሜ ፈላ። እትዬ ግን ቀስ ብላ "እስቲ ላስብበት" አለችው። ሲሄድ ጠብቄ አፈጠጥኩባት።

"ምኑን ነው የምታስቢበት?"

"ደከመኝ፣ እቱ" አለችኝ። "ባዶ ክፍል መጥረግ ደከመኝ። አስጎብኚ ድርጅቱ ዘንድሮ ከመረጠን እሰየው። ካልመረጠን ሰኞ እፈርምለትና ልጄ ጋ እሄዳለሁ።"

ልጇ የምትኖረው ዋና ከተማ፣ ፎቅ ቤት ነው። እትዬ አንዴ ሄዳ ወር ያህል ተቀምጣ ስትመለስ ያወራችልኝ ስለ ሊፍቱ ብቻ ነበር። እዚያ ሄዳ ምን እንደምትሆን አውቀዋለሁ። በረንዳ ላይ ወንበር ያወጡላታል፣ እዚያው ተቀምጣ ታረጃለች። እኔ ደግሞ ጎብኚ ይዤ በተወለድኩበት ቤት ፊት ሳልፍ "በስተቀኝዎ የሲሚንቶ መጋዘን ይታያል" ልበል።

ድርጅቱ ማለት በአገሪቱ ያሉትን ጥንታዊ ከተሞች የሚያያይዝ አዲስ የጉብኝት መስመር የሚዘረጋው ነው። ነጩ ወደብ ገብቷል፣ ድልድዩ ገብቷል፣ ሐይቁም ገብቷል። የቀረው በመሃል ጎብኚዎቹ የሚያድሩበት ከተማ ነው፤ ወይ እኛ፣ ወይ ያቺ ባለ ቤተ መንግሥት። የምትመርጠው የድርጅቱ መስመር አውጪ ቅዳሜ እንደምትመጣ ተነገረን። እኔ ቅንጣት አልፈራሁም። ከተማዬን አውቃታለሁ፣ አፌንም አውቀዋለሁ። መግቢያው ላይ ያለው ሰሌዳ ቀለሙ ለቆ ስለነበር ብቻ ጋሽ ብሩሽን ጠራሁትና "እንኳን ወደ ገደሏ ከተማ በደህና መጡ ብለህ ጻፍልኝ" አልኩት። ጋሽ ብሩሽ የከተማውን ሱቅ ሁሉ ስም የጻፈ ሠዓሊያችን ነው፤ እናቱ ያወጡለትን ስም ራሱም የረሳው ይመስለኛል።

ቅዳሜ ጠዋት እንግዳዬን ልቀበል ስወጣ ሰሌዳውን አየሁትና ክው ብዬ ቀረሁ። በደማቅ ቀይ፣ ከሩቅ በሚነበብ ፊደል እንዲህ ይላል፤

እንኳን ደህና መጡ። ገደል ይግቡ።

ጋሽ ብሩሽ ከሥሩ ቆሞ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ የእጁን ሥራ ያደንቃል።

"ጋሽ ብሩሽ፣ ምንድነው የሠራኸኝ?"

"ምነው? ያንቺ ረጅም ነበር። አሳጠርኩት።"

"ይሄ እኮ ስድብ ነው።"

"በምን ሂሳብ?" አለ፣ ከልቡ ተቀይሞ። "ግቡ አላልኩም፣ ይግቡ ነው ያልኩት። አንቱ ብያቸዋለሁ።"

ከአንቱታው በላይ ምን ክብር አለ ብሎ ነው። ክርክሩን ትቼ ሸራ አምጣ አልኩት። ሸራውን በአንድ ጫፍ አስረን ሌላውን ጫፍ ስንጎትት መኪናዋ መጥታ አጠገባችን ቆመች። ነፋሱም አልተባበረንም፤ ሸራውን ገልብጦ ለጋሽ ብሩሽ አለበሰው።

መስመር አውጪዋ ወረደች። ቀጠን ያለች፣ ጥቁር መነጽር ያደረገች፣ ጫማዋ ለምንጣፍ እንጂ ለኛ ድንጋይ ያልታሰበ። መነጽሯን ከፍ አድርጋ ሰሌዳውን አነበበችው። ደግማ አነበበችው።

"ይሄ ለኔ ነው?" አለችኝ።

"ለሁሉም ነው" አልኳት። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የባሰ መሆኑ የገባኝ።

ሹፌሯ መሪው ላይ ተደፍቶ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እሷ ግን ጥርሷ እንኳ አልታየም። እኛ ዘንድ መልካም ቃል መሆኑን፣ ገደሉ መታጠቢያችንም ማረፊያችንም መሆኑን አንድ በአንድ አስረዳኋት። "ይገባኛል" አለች። እንዳልገባት ፊቷ ይናገራል።

ከዚያ በኋላ በሠራሁት ሥራ ግን ማንም አይከሰኝም። ግንቡን አስጎበኘኋት፣ በሮቹን አሳየኋት፣ ስለ አህዮቹ ስነግራት ሹፌሩ ሆዱን ያዘ። የነጋዴዎቹ ጭነት ተፋትጎ ያለሰለሰውን ድንጋይ በእጇ አስነካኋት። እሷ በየደረስንበት የእጅ ሰዓቷን ታያለች። የሰዓት ማማው ሥር ቆማ እንኳ ያየችው የራሷን ነው። ገደሉ አፋፍ ላይ ስንደርስ ስልኳን አውጥታ ፎቶ አነሳች።

"አሁን ደረጃውን እንወርዳለን" አልኳት።

"ይቅርብኝ፤ ጫማዬ አይሆንም። ከዚህ በደንብ ይታያል" አለች።

ምን ታይቶ። ከላይ የሚታየው ጥቁር ድንጋይና ጥላ ብቻ ነው። ምላሴን ነክሼ ዝም አልኩ፤ እኔን የሚያውቅ ሰው ያን ቀን ቢያየኝ አሞኛል ብሎ ይደነግጥ ነበር።

ምሳ እትዬ ጋ ነው። ክፍሎቹ ተጠርገው፣ መስኮቶቹ ተከፍተው፣ አንሶላው ተተኩሶ የተነጠፈ ይመስል አንድ መጨማደድ የለበትም። መስመር አውጪዋ በየክፍሉ ብቅ እያለች አየችና በረንዳው ላይ ተቀመጠች። አንድ ጫማዋን አወለቀች፤ ተረከዟ ውሃ ቋጥሯል።

"እውነቱን ልንገርሽ" አለችኝ። "ከተማችሁ ታምራለች። ግን የአንድ ሰዓት ከተማ ናት። ሰው እዚህ የሚያድርበት ምክንያት አላገኘሁም። ፎቶ ለማንሳት የሚቆምባት አድርጌ አስገባታለሁ፤ ማደሪያው ጎረቤት ይሁን።"

እትዬ በሩ ላይ ነበረች፣ ሰምታለች። ፊቷን አየሁት። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ሸክሙን እንዳወረደ ሰው ተንፈስ አለች ብቻ፤ ሰኞ መፈረሟ ያኔ ታወቀኝ። አፌ ላይ የመጣውን ብናገረው ባለ ቤተ መንግሥቷ ከተማ ድረስ ይሰማ ነበር፤ ልናገረውም ተነስቼ ነበር። እትዬ ቀደመችኝ። የሴትዮዋን ተረከዝ አይታ ወደ ጓዳ ገባችና ወዲያው ተመልሳ ፊቷ ቆመች።

"የኔ ልጅ፣ ደክሞሻል" አለቻት። "ምሳው እስኪደርስ ገደል ግቢ።"

መስመር አውጪዋ በአንድ ጫማ ብድግ አለች።

"ምን አሉኝ?"

"ገደል ግቢ። እግርሽም ይሻለዋል።"

ቆሌዬ ተገፈፈ። ያ ሁሉ ማስረዳቴ፣ ያ ሁሉ ምላሴን መንከሴ ውሃ በላው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስድብ ጠበቅኩ፣ የበር ድምፅ ጠበቅኩ። ምንም አልመጣም። ዓይኔን ስከፍት ሴትዮዋ የምታየው የእትዬን ክንድ ነው። ክንዷ ላይ ነጭ ፎጣ ታጥፎ ተቀምጧል፤ በሌላው እጇ የላስቲክ ነጠላ ጫማ ይዛለች፣ የራሷን። ፊቷ ላይ ቂም ቢፈለግ አይገኝም። አሁን ቤቷን ያሳጣቻት ሴት መሆኗን አሳምራ እያወቀች፣ የተጨነቀችው ለሴትዮዋ ተረከዝ ነው።

"ሰሌዳው ላይ ያለው ይሄ ነው?" አለችኝ መስመር አውጪዋ፤ ድምጿ ሌላ ሆኗል።

"እሱ ነው" አልኳት።

ነጠላ ጫማውን ተቀብላ አደረገችው። ሰፋት። "እንግዲያው ልግባ" አለች።

አብሬያት ወረድኩ። የመጀመሪያውን መታጠፊያ እንዳለፍን ሙቀቱ ላይ ቀረ። ሁለተኛው ላይ ውሃው መሰማት ጀመረ፤ ትናንሽ ወፎች ከዓለቱ ስንጥቅ እየወጡ በጆሯችን ሥር ያልፋሉ። እጇን ዘርግታ ጥቁሩን ድንጋይ እየዳበሰች ትወርዳለች። ማስረዳት አማረኝ፣ ግን ተውኩት። በሥራ ዘመኔ ጎብኚ ይዤ ዝም ስል ያ የመጀመሪያዬ ነው። ታች ስንደርስ እግሯን ኩሬው ውስጥ ከተተች፣ ጥቂት ቆየችና ከነልብሷ ገብታ እስከ አንገቷ ተቀመጠች። የእጅ ሰዓቷን አውልቃ ለኔ ሰጠችኝ።

ብዙ ቆይታ "ወደቡን አይቻለሁ፣ ድልድዩን አይቻለሁ፣ ሐይቁን አይቻለሁ" አለች። "ሁሉንም ያየሁት ቆሜ ነው። የተቀመጥኩበት እስካሁን አልነበረም።"

ሰዓቷን ሳላየው ኪሴ ከተትኩት።

ምሳው ቀዘቀዘ። ሹፌሩ ከላይ ጥሩምባውን ቢነፋ ገደሉ እየደጋገመ መለሰለት። ሴትዮዋ ዓይኗን ሳትከፍት "በይ ጮክ ብለሽ ገደል ግባ በይልኝ" አለች። ጮክ ብዬ አልኩለት። በኋላ ሱሪውን ጠቅልሎ ሲወርድ አየነው።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ወጣን። መስመር አውጪዋ ጸጉሯ ውሃ እያንጠባጠበ፣ ፎጣውን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ እትዬ ፊት ቆመች።

"ክፍል አለዎት?" አለቻት።

እትዬ ያንን ጥያቄ ስንት ዘመን ጠብቃዋለች። እኔን አየች፣ እሷን አየች። "የትኛውን ትፈልጊያለሽ?" አለች በመጨረሻ።

እኔ የተወለድኩበትን መረጠች። ጠዋት አርፍዳ ተነሳች፤ ፊቷ ላይ የትራሱ መስመር ታትሟል። ቁርስ ላይ የነገረችን አጭር ነበር። ሰዎቿ የሚያድሩት እኛ ዘንድ ነው፤ ደርሰው የሚያልፉት ጎረቤት ነው። ሰሌዳው ግን እንዲሁ ሊቀር አይችልም አለች፤ ሰው ገና እንዳነበበው መኪናውን ያዞራል። ጋሽ ብሩሽን አስጠራነው። የጻፍኩትን ፊደል አልሰርዝም ብሎ አኮረፈ፤ እኔም ጉድ በሉኝ፣ ቅዳሜ ሸራ ላለብሰው የታገልኩትን ሰሌዳ እሁድ ቆሜ ተከራከርኩለት። በስተመጨረሻ ፊደሉ ሳይነካ ከሥር አንድ ሐረግ ይጨመር ተባለ። ዛሬ ከተማችን ስትገቡ የምታነቡት እንዲህ ነው፤

እንኳን ደህና መጡ። ገደል ይግቡ። ፎጣ አለን።

ሰኞ የሲሚንቶ ነጋዴው መጣ። ሜትሩን በአንድ እጁ፣ የሚፈረመውን ወረቀት በሌላው ይዞ፣ ዳገቱን በጠራራ ፀሐይ ወጥቶ ላቡ በግንባሩ ይንቆረቆራል። እትዬ ደጃፏ ላይ አንሶላ እያሰጣች ነበር፤ ሰው የተኛበት አንሶላ። እኔ ከኋላዋ ጫፉን ይዤላታለሁ።

"እሺ እትዬ፣ አሰቡበት?" አላት።

እትዬ ዞር ብላ ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

"ገደል ግባ" አለችው።

ሰውዬው ፊቱ ደም መሰለ። ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ዳገቱን ተመልሶ ወረደ። እኔ አንሶላውን እንደያዝኩ ቀረሁ። በሕይወቷ ክፉ ቃል ከአፏ ወጥቶ ሰምቼ አላውቅም።

"እትዬ" አልኳት፣ "አሁን ያልሽው በኛ ነው ወይስ በነሱ?"

"ላብ አጥምቆት አላየሽም እንዴ?" አለችኝና አንሶላውን ወጥራ አሰጣችው።

ይሁን። እህቴ ናት፣ አምናታለሁ። ፎጣ ግን አልሰጠችውም።